የሲራራ ነጋዴው መንገድ በብስክሌት

ጥር ላይ ከካይሮ የሚነሣ ረጅም የብስክሌት ጉዞ አለ። ስሙ ቱር ዳፍሪክ ይባላል። መቀመጫው ካናዳ የሆነና ሄንሪ ጎልድ ያቋቋመው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት እስኪነሣ ድረስ ብስክሌተኞቹ አባይን ተከትለው የኑቢያን በረሃ ያቋርጡ ነበር፤ ካርቱም ደርሰው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይታጠፉና የገዳሪፍን የማሽላና የሰሊጥ አገር አልፈው በገላባት በኩል መተማ ይገቡ ነበር። መጨረሻቸው ኬፕ ታውን ነው። 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ ለመጨረስ አራት ወር ይፈጅባቸው ነበር። ጓዛቸውን የጭነት መኪና ይይዝላቸዋል፤ ማታ ማታ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ሲደክመው መኪናው ላይ የሚወጣ አለ። ስንዝር እንኳ በመኪና ሳይሄድ ለመጨረስ ምሎ የሚነሣም አለ፤ በመካከላቸው ትልቁ ክብር የእርሱ ነው።

ከካይሮ ጀምሮ ለጥ ብሎ የመጣው መንገድ መተማን ሲያልፍ ይነሣል። ብዙዎቹ ስለ ሱዳን ሲያወሩ ሙቀቱንና ሻዩን፣ ስለ ኢትዮጵያ ሲያወሩ ዳገቱን የሚያነሡት ለዚህ ነው። እኛ የምናስተዋውቀው ይህንኑ የመሸጋገሪያ ክፍል ነው፤ ከገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ፣ በገላባት፣ በመተማ፣ በገንዳ ውኃና በአይከል በኩል ጎንደር የሚገባውን መንገድ። ርዝመቱ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በሦስትና በአራት ቀን ይነዳል።

ስለ ብስክሌት መንገድ ሲወራ ሁሉም ሰው ፈረንሳይን ነው የሚያነሣው። አንዱ በሎዋር ወንዝ ዳር 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ የነገሥታቱን ግንቦች፣ ሻምቦርንና ሸኖንሶን፣ እያየ ያልፋል። ሌላው ሞን ቫንቱ ላይ ሊወጣ ይሄዳል፤ ከቤዷን መንደር ተነሥቶ በ21 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,600 ሜትር ሽቅብ። ፈረንሳዮች ዳገቶቻቸውን እንደ ልጆቻቸው በስም ይጠራሉ። በመንገዱ ዳር በየኪሎ ሜትሩ ምልክት አለ፤ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ እንዳልክ፣ ጫፉ ለመድረስ ስንት እንደቀረህ፣ የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር ስንት ከመቶ እንደሚያዘነብል ይነግርሃል። ነጂው እግሩ ቢዝልም ስንት ጉድ እንደቀረው ያውቃል።

ይህ ዝና ከሰማይ አልወረደም። የፈረንሳይ ዙር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረው ሎቶ የተባለ የስፖርት ጋዜጣ ገበያው ስለቀዘቀዘበት ነው። አዘጋጁ ኦንሪ ዴግራንዥ 60 ብስክሌተኞችን ከፓሪስ ዳርቻ አስነሣ፤ የመጀመሪያው ቀን መድረሻ ሊዮን ነበር፤ 467 ኪሎ ሜትር በአንድ ጀንበር፣ ሌሊቱ ተጨምሮበት። አሸናፊው ሞሪስ ጋራን ሆነ፤ ጋዜጣውም ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ኮረብታ ታሪክ አገኘ፤ እገሌ እዚህ ወደቀ፣ እገሌ እዚያ ጥሎት ሄደ እየተባለ ተጻፈለት። በእኔ ግምት ከገዳሪፍ ጎንደር ያለው መንገድ በመልክዓ ምድርም በታሪክም ከእነዚህ አያንስም። ያነሰው ተናጋሪ ነው።

ገዳሪፍ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የእህል ከተማ ናት። ዙሪያዋ በሙሉ ሜዳ ነው። በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ለወታደሮቻቸው ቀለብ ሲሉ የጀመሩት ነው። ዛሬ የሱዳን የማሽላ ጎተራ የምትባለው እርሷ ናት። ገበያዋ ውስጥ ቡና የሚያፈሉት ብዙዎቹ የእኛና የኤርትራ ሴቶች ስለሆኑ፣ አረብኛ የማያውቅ ብስክሌተኛ አማርኛ ከቻለ አይቸገርም።

ሜዳው ግን ወዳጅም ጠላትም ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ቀጭን የብስክሌት ጎማ ይውጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ መንደር 8 ወደሚባለው ሰፈር የሚወስደውን የአፈር መንገድ በዝናብ ማግስት ለመንዳት የሚሞክር ሰው ሃያ ሜትር ሳይሄድ ይቆማል። ጭቃው ከጎማው ጋር እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ከፍሬኑና ከሹካው መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ቸርኬው መዞር ያቆማል። በእንጨት እየፈነቀሉ ሲያወጡት አምስት እርምጃ ያስኬድና እንደገና ይሞላል። በመጨረሻ ብስክሌቱ ሰውዬውን መሸከሙ ቀርቶ ሰውዬው ብስክሌቱን በትከሻው ይሸከማል፤ ከነጭቃው ክብደቱ እጥፍ ሆኖ። መኪናም ቢሆን የሚድን የለም።

መንደር 8 ከዚህ መንገድ ታሪክ የሚነጠል አይደለም። ከጭልጋ ደጋ የሚነሣው ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይሆናል፤ ተከዜም ሰቲት ይባላል። ሱዳኖች በእነዚህ በሁለቱ ወንዞች ላይ የሠሯቸው መንታ ግድቦች፣ ሩሜላና ቡርዳና፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ጀመሩ። በግድቡ ምክንያት ለሚነሣው ሕዝብ ቁጥር የተሰጣቸው መንደሮች ተሠሩ፤ መንደር 8 ከእነርሱ አንዱ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከሁመራና ከማይካድራ አቅጣጫ ድንበሩን በእግር የተሻገረ ሰው በዚያ አረፈ፤ ቦታው የስደተኛ መሸጋገሪያ ጣቢያ ሆነ። ከዚያም ብዙው ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች ተጓጓዘ። በመሆኑም የጎንደር ደጋ ዝናብ የሞላው ግድብ ያስነሣቸው ሰዎች መንደር፣ ከዚያው ወገን የመጡ ሌሎች ተፈናቃዮችን ተቀበለ ማለት ነው። የቱር ዳፍሪክ ሰዎች ይህን ሁሉ በስተግራቸው ትተው ያልፉ ነበር፤ ዓይናቸው ዶካ ላይ ነበር።

ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ያለው አስፋልት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳገት የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሜዳ ላይ የሚከብደው ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ብስክሌተኞች ተከታትለው ይነዳሉ። ፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላው የተለጠፈው እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል፤ ፊተኛው ሲደክም ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሌላው ይተካል። በየመንገዱ ዳር ዳስ ሥር ትልልቅ የሸክላ ጋኖች ተደርድረው ይገኛሉ። ውኃ ናቸው፤ መንገደኛ እንዲጠጣ ለነፍሳቸው ያሉ ሰዎች ያስቀመጧቸው። ሸክላው ውኃውን በላበት እያወጣ ስለሚያቀዘቅዘው፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈበት ቀትር እንኳ የጋኑ ውኃ ጉሮሮ ያርሳል። ፈረንሳይ በየመንደሩ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ቢኖራትም፣ ለእኔ ጋኑ ይበልጣል።

እሾሁ ግን አይጣል ነው። ኩርንችት መሬት ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ብስክሌቱን ለጥላ ብሎ ከአስፋልቱ ዳር ያወጣ ሰው ሲመለስ ሁለቱም ጎማዎቹ ተንፍሰው ያገኛቸዋል። ልምድ ያለው ብስክሌተኛ እንዴት እንደሚጠግን ማየት ደስ ይላል። ጎማውን በማንኪያ እጀታ በሚመስል ብረት ፈልቅቆ ካላማዳሪያውን ይስባል፤ በፖምፓ ይነፋና ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ ማስቲሽ ይቀባል፤ የማይቸኩለውም እዚህ ላይ ነው፤ ማስቲሹ እስኪደርቅ እፍ እያለ ይጠብቃል፤ ልጣፊውን ያኖራል። ጀማሪ የሚረሳው ቀጣዩን ነው። ካላማዳሪያውን ከመመለሱ በፊት ጣቱን በጎማው ውስጥ ቀስ አድርጎ ዙሪያውን ይዳስሳል፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ገዳሪፍም መተማም ያሉ ጎሚስታዎች ይህን ሲያደርጉ የሻይ መጠጫ ጊዜ እንኳ አይፈጅባቸውም።

ገላባትና መተማ ዮሐንስን የሚለያቸው አንድ ትንሽ ድልድይ ነው። ከሥሩ ያለው ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ የፈሰሰው ደም ግን ብዙ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ገጥመው የቆሰሉት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ነው፤ ከተማዋ ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1940 ደግሞ በኋላ በበርማ ጦርነት ስሙ የገነነው ዊሊያም ስሊም ጣሊያኖችን ከገላባት ለማስለቀቅ ወጋ፤ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። ብስክሌተኛ ፓስፖርቱን አስመትቶ ሰዓቱን እያስተካከለ ያልፋል። ከድልድዩ ወዲህ ሲሻገር ጠላ ቤት ያገኛል፤ ከሱዳን የመጣ ሰው ይህን ቶሎ ነው የሚያስተውለው።

ከመተማ ጎንደር ያለው ክፍል የመንገዱ ልብ ነው። መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መስከረምና ጥቅምት ላይ የሚያልፍ ሰው ግራና ቀኙን የሰሊጥ አጨዳ ያያል፤ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ያጨዱትን እያሰሩ ያቆሙታል፣ እንክብሉ በፀሐይ አፉን ሲከፍት በሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል። በዚህ ቆላ ወባም ካላዛርም አለ፤ አጎበር ሳይዝ የሚያድር ብስክሌተኛ ጀግና ሳይሆን ሞኝ ነው። እስከ ገንዳ ውኃ ድረስ መንገዱ ወጣ ገባ ቢልም አይጎዳም። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ እየቀነሰ፣ ዛፉ እየተለወጠ፣ ጉልበት እየተፈተነ ይሄዳል። የጭልጋዋ አይከል ስትደረስ ከፍታው ከ2,000 ሜትር አልፏል።

ዳገት የሚለካው በመቶኛ ነው። መቶ ሜትር ሲኬድ ስድስት ሜትር ከተወጣ 6 ከመቶ ይባላል። ሞን ቫንቱ በአማካይ 7.5 ከመቶ ነው፤ ጨካኝ ነው፣ ግን በሁለት ሰዓት ያልቃል። የእኛው ዳገት ባሕርይው ሌላ ነው። በረጅም ርቀት ላይ ተበትኗል፤ ወጣሁ ሲሉ ያወርዳል፣ የወረዱትን እንደገና ያስወጣል። ስለዚህ ከጉልበት ይልቅ ማርሽ አያያዝ ይጠይቃል። የፊቱ ጥርስ 34፣ የኋላውም 34 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ብስክሌቱ ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል። ቀርፋፋ ቢሆንም ጉልበት ይቆጥባል፤ በዚህ ማርሽ ጫት ቤት እንደሚሄድ ሰው ሳይቸኩሉ መውጣት ይቻላል። ባለ አንድ ማርሹ ፊኒክስ ብስክሌት ግን በአንድ ዙር ጎማውን ከሁለት ጊዜ በላይ ሊያዞር ስለሚችል ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ግድ ነው። የአገሩ ሰው ፊኒክሱን እየገፋ ከነጭነቱ ሲወጣ፣ ፈረንጁ በቀላል ብስክሌቱ አጠገቡ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ማን ለማን እንደሚያዝን ግን አይታወቅም።

አይከል ላይ ቡና መጠጣት ተገቢ ነው። እግር ያርፋል፤ ደግሞም የቆሙበት ቦታ ቀላል አይደለም። በጭልጋ አካባቢ ከሚገኘው ደለል ውስጥ ተመራማሪዎች 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የዝሆን ዘመዶች ቅሪት አግኝተዋል። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ጭልጋ የሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ ነበረች፤ ከስናር የመጣ ሁሉ በዚህ ወገን ነበር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው። ከፈረንሳይ ከመጡት መካከል አንዱ ሐኪሙ ሻርል ዣክ ፖንሴ ነው። ታላቁ አፄ ኢያሱ ሕመም ስለነበረባቸው ሐኪም እንዲፈለግላቸው ካይሮ ድረስ ልከው ነበር። ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1698 ከካይሮ ተነሥቶ በዶንጎላና በስናር አልፎ በ1699 ጎንደር ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱንም አከመ። አንድ ዓመት የፈጀበትን ያንን መንገድ የቱር ዳፍሪክ ሰዎች በሳምንታት ውስጥ ይነዱት ነበር፤ ካይሮ፣ ዶንጎላ፣ ጭልጋ፣ ጎንደር። ብስክሌቱ አዲስ ነው እንጂ መንገዱ የግመልና የበቅሎ መንገድ ነው።

ከአይከል ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። አዘዞ ላይ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ገነተ ኢየሱስ አለ። ከዚያ ትንሽ ዳገት አለች፤ ቀኑን ሙሉ ለነዳ ሰው የምታናድድ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ከብስክሌት የወረደ ሰው አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከመሠረቷት ከተማ ግንብ ሥር ይቆማል። ግቢው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው፤ የሎዋር ሸለቆ የተመዘገበው ከእርሱ ሃያ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው። ሻምቦር ይልቃል፣ ያብረቀርቃልም። ነገር ግን ሻምቦር ለመድረስ ሜዳ ለሜዳ ነው የሚነዳው፤ ጎንደር ለመድረስ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር በላይ መውጣት አለ።

ጉዞው ጎንደር ላይ አያበቃም። ወደ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንፍራንዝ አጠገብ የአፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ፣ ወረታ ላይ የፎገራ ሩዝ ማሳ፣ መጨረሻ ላይ ዘንባባ ጥላ ሥር ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት የሚርመሰመስባት ባሕር ዳር። ከዚያ ወዲያ ደጀን ላይ የአባይ በረሃ ይጠብቃል፤ ቁልቁል ወርዶ በሌላው ወገን እስከ ጎሃ ጽዮን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሽቅብ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ። እርሱ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አንድ ደስ የማይል ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን አድሏዊ እሆናለሁ። ከብስክሌተኞች ማስታወሻ ውስጥ ሱዳን ሻይ ስትጋብዝ፣ የእኛ አገር ደግሞ ሕፃናት ድንጋይ ሲወረውሩ ይታወሳሉ። እውነት ነው። ልጆቹ ክፋት የላቸውም፤ ጨዋታ ነው፣ እየሮጡ ይጣራሉ፣ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይስቃል። ሽቅብ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ግን ጨዋታ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቆሞ መውረድ፣ እጅ ነሥቶ ሰላምታ መስጠት፣ አንድ ትልቅ ሰው መጥራት። አባቶች ሲመጡ ድንጋዩ ይቆማል። ወላጅም መምህርም ለልጁ ቢነግር ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ብስክሌት የእኛ ስፖርት አይደለም የሚል ካለ ይሳሳታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2015 የጣሊያንን፣ በ2016 የፈረንሳይን ዙር በመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎረቤታችን ኤርትራማ በዚያው በፈረንሳይ ዙር እ.ኤ.አ. በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት የዳገት ንጉሡን ነጠብጣብ ማሊያ ሲለብስ፣ በ2024 ደግሞ ቢንያም ግርማይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ይዞ ሲገባ አየች። በዚያው ዓመት በፓሪስ ኦሊምፒክ በሴቶች የመንገድ ውድድር ከስደተኞች ቡድን የተሰለፈችው ኢየሩ ገብሩ የትግራይ ልጅ ናት፤ ጦርነቱ ከአገሯ አስወጥቷት ፈረንሳይ ነው የምትኖረው። በ2013 ዓ.ም. መንደር 8 የደረሰው ሕዝብና እርሷ የተነሡት ከአንድ እሳት ነው። የፈረንሳይን መንገድ ከእኛ ማንም በላይ የምታውቀው ዛሬ እርሷ ሳትሆን አትቀርም።

በአሁኑ ጊዜ ማንንም ተነሥተህ ንዳ አልልም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ መተማ ከወዲያ የሚሸሽ ሰው መቀበያ ሆነች። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በአማራ ክልልም ግጭት ተቀጣጠለ። መንገዱ ያለው ነው፤ ብስክሌተኛው ነው የጠፋው። ሰላም ሲሆን ግን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ብዙ ውኃና አጎበር ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል።

እስከዚያ ግን የጎንደር ዞኖች ባህልና ቱሪዝም መምሪያዎች አንድ ነገር ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ከገንዳ ውኃ እስከ አይከል በየኪሎ ሜትሩ አንዳንድ ድንጋይ ይተከል፤ ነጭ ቀለም ይቀባ፤ ከፍታው፣ የቀረው ርቀትና የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር ዳገት ስንት ከመቶ እንደሆነ በአማርኛ ይጻፍበት። የአይከሉ ድንጋይ ላይ የሲራራ ነጋዴዎቹ ነገር ቢታከል ደግሞ የተሻለ ነው። ወጪው ሲሚንቶና ቀለም ነው፤ ዳገቱን እግዜር ሠርቶታል።